በባዕድ አልበም የቀረ ሕፃን

በዓል በደረሰ ቁጥር ቤት ይጠረጋል፤ ቄጠማ ይጎዘጎዛል። እንግዳ ሲመጣም ቡናው እስኪፈላ ድረስ የቤተሰቡ የፎቶግራፍ አልበም ከሣጥን ወጥቶ ይቀርብለታል። የአባትና የእናት ሠርግ፣ ክርስትና የተነሣ ሕፃን፣ ለጥምቀት ነጭ ለብሰው የተሰለፉ እኅትማማቾች፣ በሕይወት ያሉትና ያረፉት ሁሉ በዚያ ተሰብስበው ይታያሉ። እንግዳው ጣቱን ከአንዱ ምስል ላይ አድርጎ «ይህ ደግሞ ማነው?» ብሎ ይጠይቃል፤ የቤቱ አዛውንትም ስሙን፣ ዘሩንና ታሪኩን ይነግሩታል። በዛሬው የትንሣኤ በዓል ዝግጅታችን ይህንኑ ጥያቄ እናነሣለን። መልስ የሚሰጥ የቤት ሽማግሌ በሌለበት በባዕድ አልበም ውስጥ የቀረ ሕፃን አለና።

በ19ኛው መቶ ክፍለ ዘመን አጋማሽ የፎቶግራፍ ጥበብ በአውሮፓ ሲስፋፋ ነገሥታት፣ መኳንንትና ባለርስቶች የቤተሰባቸውን፣ የግቢያቸውንና የእንግዶቻቸውን ምስል በአልበም እያስቀመጡ ለልጅ ልጅ ማስተላለፍ ልማድ አደረጉ። ብዙዎቹ አልበሞች ዛሬ በቤተ መዛግብትና በቤተ መዘክር በጥንቃቄ ተይዘው ይገኛሉ። በእንግሊዝ አገር ከተጠበቁት ከእነዚህ ምስሎች መካከል አንገቱን ደፋ አድርጎ፣ ዓይኑን አሻግሮ የሚመለከት የሰባት ዓመት ኢትዮጵያዊ ሕፃን አለ። እርሱም የዳግማዊ ዐፄ ቴዎድሮስና የእቴጌ ጥሩወርቅ ውቤ ልጅ ልዑል ዓለማየሁ ነው።

የመቅደላው ፋሲካ

የዓለማየሁ ስደት ታሪክ ከትንሣኤ በዓል ጋር የተያያዘ ነው። በጄኔራል ሮበርት ናፒየር የተመራው፣ ወደ 13 ሺህ የሚጠጋ ወታደር ያሰለፈው የእንግሊዝ ጦር በእሮጌ ሜዳ ከዐፄ ቴዎድሮስ ሠራዊት ጋር የተዋጋው በዕለተ ስቅለት፣ ሚያዝያ 3 ቀን 1860 ዓ.ም. ነበር። በበዓሉ ዕለት ንጉሠ ነገሥቱ ለእንግሊዙ የጦር አዛዥ የፋሲካ ስጦታ ይሆን ዘንድ ከብትና በግ ላኩ፤ ስጦታው ግን ሳይወሰድ ቀረ። በማግስቱ በማዕዶት ሰኞ፣ ሚያዝያ 6 ቀን፣ መቅደላ ሲሰበር ዐፄ ቴዎድሮስ እጅ አልሰጥም ብለው ሕይወታቸውን በገዛ እጃቸው አሳለፉ። ከአምባው የተዘረፉት ብራናዎች፣ ጽላት፣ መስቀሎችና አልባሳት ብዛታቸው ከፍ ያለ በመሆኑ 15 ዝሆኖችና 200 ያህል በቅሎዎች ጭነው እንደወረዱ በታሪክ ተጽፏል።

ከዚያ ጉዞ ጋር እቴጌ ጥሩወርቅና ልጃቸው አብረው ወረዱ። እቴጌይቱ ግን ከባሕሩ ሳይደርሱ በግንቦት ወር 1860 ዓ.ም. በመንገድ ላይ ዐረፉ፤ በትግራይ ጨለቆትም ተቀበሩ። ሕፃኑ በአንድ ወር ከጥቂት ቀናት ውስጥ አባቱንም እናቱንም አጣ። አማርኛ በሚያውቀውና በእኛ ዘንድ «ባሻ ፈለቀ» ይባል በነበረው በሻምበል ስፒዲ ሞግዚትነት ባሕር ተሻግሮ በሐምሌ ወር እንግሊዝ አገር ገባ።

ምስሉ እንዴት ተነሣ?

ልዑሉ መጀመሪያ ያረፈው በዋይት ደሴት ነበር። ንግሥት ቪክቶሪያ በዚያው ደሴት ኦዝቦርን በተባለው የግል ርስታቸው ተቀበሉት። በደሴቲቱ ምዕራባዊ ዳርቻ በፍሬሽዎተር መንደር ደግሞ ጁልያ ማርጋሬት ካሜሮን የምትባል፣ በ48 ዓመት ዕድሜዋ ከልጅዋ ካሜራ በስጦታ ተቀብላ ሥራውን የጀመረች ስመ ጥር ፎቶግራፍ አንሺ ትኖር ነበር። በዚያው ሐምሌ ወር ዓለማየሁን ብቻውን፣ እንዲሁም ከስፒዲ ጋር አነሣችው።

የዚያን ዘመን ፎቶግራፍ እንደ ዛሬው በቅጽበት የሚያልቅ አልነበረም። መስተዋት ኮሎዲዮን በተባለ ፈሳሽ ተቀብቶ፣ በብር ጨው ተነክሮ፣ ሳይደርቅ ካሜራው ውስጥ ይገባል፤ ተነሺውም ሳይነቃነቅ ይቆያል። በካሜሮን ቤት ይህ ቆይታ አንዳንድ ጊዜ በደቂቃ የሚቆጠር ነበር። ከዚያም ምስሉ የዕንቁላል ነጭ በተቀባ ወረቀት ላይ በፀሐይ ብርሃን ይታተማል። እንግዲህ እናቱን ከቀበረ ሦስት ወር ያልሞላው ሕፃን በማያውቀው ቤት፣ ቋንቋዋን በማያውቃት ሴት ፊት፣ ሳይነቃነቅ መቀመጥ ነበረበት። የአገሩን ጥጥ ልብስ ለብሷል፤ በአንገቱ ጌጥ አለ። በፊቱ ላይ የሚነበበው ኀዘን ተርጓሚ አያሻውም።

በኋለኞቹ ዓመታት የተነሣቸው ፎቶግራፎች ሌላ ነገር ያሳዩናል። ጥጡ ቀርቶ የእንግሊዝ ተማሪ ኮትና ሱሪ ተተክቷል። ዓለማየሁ ከስፒዲ ጋር በሕንድ አገር ከቆየ በኋላ መንግሥት ከሞግዚቱ ለይቶ በመጀመሪያ በቼልተንሃም፣ ቀጥሎም በረግቢ ትምህርት ቤት አስገባው፤ በመጨረሻም በሳንድኸርስት የጦር ትምህርት ቤት ተመደበ። ሆኖም በዚያ ደስታ አላገኘም። በሊድስ ከተማ አጠገብ በአስተማሪው ቤት ሳለ በሳንባ ሕመም ታሞ በኅዳር ወር 1872 ዓ.ም. በ18 ዓመቱ ዐረፈ። ንግሥቲቱ በዕለት ማስታወሻቸው ዘመድ ከሌለበት አገር ብቻውን በመሞቱ ማዘናቸውን ጽፈዋል። ሥጋው በዊንድሶር የቅዱስ ጊዮርጊስ ጸሎት ቤት አጠገብ ተቀብሯል። በመታሰቢያው ላይ የተቀረጸው ከማቴዎስ ወንጌል 25ኛ ምዕራፍ እንግዳን ስለ መቀበል ከሚናገረው ቃል የተወሰደ ነው። ቃሉ ተቀባዩን ያመሰግናል፤ እንግዳው ስለምን እንግዳ እንደሆነ ግን አይናገርም።

አልበሙ የማይነግረን

የቤተሰብ አልበም ትርጉም የሚያገኘው ከጎን ባሉት ገጾች ነው። ልጅ ከአባቱ፣ አባት ከአያቱ ጋር ሲታይ ሐረጉ ይታወቃል። የዓለማየሁ ምስል ግን ከማን ጋር ይቀመጥ? ዐፄ ቴዎድሮስ በሕይወት ሳሉ የተነሡት ፎቶግራፍ አይታወቅም፤ ያሉን ሥዕሎች ብቻ ናቸው። ስለዚህም አባት ያለ ፎቶግራፍ፣ ልጅ ያለ ቤተሰብ ቀርተዋል። ከዘመቻው ጋር የመጡት የእንግሊዝ መሐንዲሶች ክፍል ፎቶግራፍ አንሺዎችም ተራራውን፣ ሰፈሩንና ከእስር የተፈቱትን አውሮፓውያን አንሥተው በአልበም አስቀምጠዋል። የእኛን ወገን ኀዘን ግን ለማንሣት የመጣ አልነበረም።

የኢትዮጵያ መንግሥት የልዑሉ ዐፅም እንዲመለስ በ1999 ዓ.ም. ጠይቋል። በግንቦት ወር 2015 ዓ.ም. የእንግሊዝ ቤተ መንግሥት የሌሎችን ሙታን ዐፅም ሳያውኩ ማውጣት አዳጋች ነው በማለት ጥያቄውን ሳይቀበል ቀርቷል። በአንጻሩ የዐፄ ቴዎድሮስ የራስ ፀጉር በመጋቢት ወር 2011 ዓ.ም.፣ የዓለማየሁ ፀጉርም በመስከረም ወር 2016 ዓ.ም. ለኢትዮጵያ ወገን ተመልሷል። የልዑሉ ፀጉር ተጠብቆ የኖረው በሻምበል ስፒዲ ዘመዶች ቤት ነበር። ይህም አንድ ቤተሰብ በአደራ ያቆየው ትንሽ ነገር ከመቶ ሃምሳ ዓመት በኋላ ለሕዝብ መጽናኛ ሊሆን እንደሚችል ያስረዳል።

የየቤታችን አደራ

መመዝገብና መጠበቅ ለእኛ እንግዳ ነገር አይደለም። አባቶቻችን የርስትና የጉልት ስጦታን በወንጌል ብራና ኅዳግ ላይ ይጽፉ ነበር፤ የልጅ ልደትና የዘመድ ዕረፍት በዳዊት መጽሐፍ ባዶ ገጽ ላይ የሚሰፍርበት ቤትም ብዙ ነበር። ያረፉትን በስም መጥራት በቤተ ክርስቲያናችን ጸሎትም በተዝካርም የኖረ ሥርዓት ነው። ፎቶግራፍ ሲመጣም ቤተ መንግሥቱ ቀድሞ ተቀብሎታል፤ አርመናዊው ቤድሮስ ቦያጂያንና ልጆቹ ለተከታታይ ነገሥታት ያነሧቸው ምስሎች ለዚህ ምስክር ናቸው። በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ፣ በቀድሞው ገነተ ልዑል ቤተ መንግሥት የሚገኘው የኢትዮጵያ ጥናትና ምርምር ተቋም የቆዩ ፎቶግራፎችን ይዟል። ሪቻርድ ፓንክረስትና ዴኒስ ጄራርድም ከ1867 እስከ 1935 እ.ኤ.አ. የተነሡትን ሰብስበው በ1996 እ.ኤ.አ. በመጽሐፍ አሳትመዋል።

ነገር ግን የተራው ሰው አልበም ያለው በየቤቱ ነው። ከ1966ቱ አብዮት በኋላ ከቀድሞ ሹማምንት ጋር የተነሡትን ምስል ፈርተው ያቃጠሉ ወይም የቀበሩ ቤተሰቦች ጥቂቶች አልነበሩም። ከዚያ የተረፈውን ዛሬ የሚያጠፋው ፍርሃት ሳይሆን ቸልተኝነት ነው። የፎቶግራፉ ወረቀት ሳይጠፋ የባለቤቱ ስም ይጠፋል።

ስለዚህ በዚህ በዓል አልበሙ ሲወጣ ጥቂት ነገር እንድናደርግ እንመክራለን። አዛውንቶቹ በተቀመጡበት ምስሎቹን አንድ በአንድ እያሳየን የእያንዳንዱን ሰው ስም ከነአባቱ፣ ቦታውንና ዘመኑን እንጠይቅ። የሰማነውንም ከፎቶግራፉ ጀርባ በለስላሳ እርሳስ፣ ሳንጫን እንጻፍ፤ የእስክሪብቶ ቀለም ወደ ምስሉ ሊዘልቅ ይችላልና። ምስሉን በጠርዙ እንያዝ እንጂ ፊቱን በጣት አንንካ። ከፀሐይ፣ ከእርጥበትና ከማዕድ ቤት ጢስ እናርቀው። የተቀደደውን በፕላስተር አናጣብቅ፤ ሙጫው ውሎ አድሮ ወረቀቱን ያበላሻል። ገጻቸው የሚያጣብቅ አልበሞችም እንዲሁ ጉዳት አላቸው። በስልክ ቅጂ አንሥቶ ለዘመድ ማካፈል መልካም ነው፤ ቅጂ አለን ብሎ ዋናውን መጣል ግን አይገባም።

ልዑል ዓለማየሁን ዛሬ ልናውቀው የቻልነው በምስሉ ሥር ስሙ ስለተጻፈ ነው። ማራኪዎቹ እንኳ ለምርኮኛው ሕፃን ይህን ካላጎደሉበት፣ እኛ ለወለዱን ላሳደጉን እንዴት እናጎድላለን?

ለመላው የክርስትና እምነት ተከታዮች መልካም የትንሣኤ በዓል እንመኛለን።