ያውቁ ኖሯል? ከሳሱ ወርቅ እስከ ስሙኒ ጠርዝ

ሳንቲም መሰብሰብ የባለጸጋ ትርፍ ጊዜ ማሳለፊያ ይመስላል እንጂ ከአያት ሣጥን የወጣ አንድ ጠገራ ብር ለጀማሪ ይበቃል። የዛሬው ዙራችን ከወርቁ መገኛ ከቤንሻንጉል ጉሙዝ ይነሳል።

1. በ6ኛው መቶ ክፍለ ዘመን አዱሊስን ያየው ነጋዴ ኮስማስ፣ የአክሱም ንጉሥ በአገው ገዢ በኩል ወርቅ ገዢዎችን በየሁለት ዓመቱ ሳሱ ወደሚባል አገር ይልክ እንደነበር ጽፏል። በርካታ ተመራማሪዎች ሳሱን በዛሬው ቤንሻንጉልና በሱዳኑ ፋዞግሊ አካባቢ ያስቀምጡታል።

2. የሳሱ ገበያ ያለ ቃል የሚካሄድ ነበር። ከ500 የሚበልጡት ነጋዴዎች በእሾህ አጥር ይከልሉና በሬ አርደው ሥጋውን፣ ጨውንና ብረትን በአጥሩ ላይ ይደረድራሉ። የአገሬው ሰው ግብጦ የሚያህል የወርቅ ፍሬ አምጥቶ የወደደው ዕቃ ላይ ያስቀምጥና ገለል ይላል። ባለዕቃው ወርቁ ከበቃው ያነሳዋል፤ ካልበቃው ሳይነካው ይተወዋል። ያን ጊዜ ወርቅ አቅራቢው ወይ ይጨምራል፣ ወይ የራሱን አንስቶ ይሄዳል። ደርሶ መልሱ ስድስት ወር ይፈጅ ነበር።

3. አክሱም የራሷን ሳንቲም መምታት የጀመረችው በ3ኛው መቶ ክፍለ ዘመን መጨረሻ፣ በንጉሥ እንዱቢስ ዘመን ነው። ወርቁም፣ ብሩም፣ ነሐሱም ነበራት።

4. የአክሱም ሠሪዎች በነሐስና በብር ሳንቲም ላይ መስቀሉን ወይም የንጉሡን ራስ ዙሪያ ብቻ መርጠው በወርቅ ይለብጡ ነበር። በጥንቱ ዓለም እንዲህ ያለ ሥራ ብዙም አይገኝም። ለሰብሳቢ ዋናው ጥያቄም ይኸው ነው፤ ልባጡ አለ ወይስ በእጅ ብዛት ተፍቆ አልቋል?

5. ንጉሥ ኢዛና ክርስትናን ሲቀበል ለውጡን ሳንቲሙ ላይ አሳየ። ጨረቃና ክብ ተነስተው መስቀል ገባ።

6. በየመን አል ማዳሪባ በተባለ ቦታ ከተገኙት 1,194 የወርቅ ሳንቲሞች 868ቱ የአክሱም ነበሩ።

7. ጠገራ ብር ላይ የታተመው 1780 የተመታበትን ዓመት አይነግርም። በሳንቲሙ ላይ ምስሏ ያለው የኦስትሪያዋ ንግሥት ማሪያ ቴሬዛ የሞተችው በዚያ ዓመት ነው፤ ከዚያ በኋላ በቪየና፣ ቆይቶም በሮም፣ በለንደን፣ በፓሪስ፣ በብራስልስና በቦምቤይ የተመታው ሁሉ ይህንኑ ቁጥር ይዟል። እውነተኛ ዕድሜው የሚታወቀው ከፊደሉና ከጌጡ ጥቃቅን ልዩነት ነው።

8. የኛ ነጋዴ ጠገራውን ሲቀበል የንግሥቲቱ የትከሻ መርፌ ጌጥ ላይ ያሉትን 9 ሉሎች አተኩሮ ያይ ነበር። ሉሉ ጠፍቶ ከለሰለሰ ሳንቲሙ ብሩን አጉድሏል ብሎ ይጠረጥራል። የዛሬው ደረጃ አውጪም የሚጀምረው እንዲሁ ጎልተው ከወጡት ቦታዎች ነው፤ አስቀድመው የሚያልቁት እነሱ ናቸውና።

9. ጠገራ ሚዛንም ነበር። በብዙ የኢትዮጵያ ገበያዎች አንድ ወቄት ወርቅ ማለት የአንድ ጠገራ ክብደት፣ ማለትም 28 ግራም ያህል ነው። ትክክለኛው ጠገራ 28.07 ግራም ይመዝናል፤ ከዚህ ውስጥ 23.39 ግራሙ ንጹሕ ብር ነው። ማግኔት ከሳበው ሐሰተኛ ነው።

10. የግብፁ ገዢ መሐመድ ዓሊ ሰባ ዓመት ገደማ ሆኖት በ1838–39 እ.ኤ.አ. ወርቁን በዓይኑ ለማየት እስከ ፋዞግሊ ተጉዟል። ልጁ እስማኤልም ቀደም ሲል ጦር ይዞ ወደዚሁ አቅጣጫ ዘልቆ ነበር።

11. ዳግማዊ ምኒልክ በስማቸው ያስመቱት የመጀመሪያው ብር 1887 ዓ.ም. የሚል ቀን በግዕዝ ቁጥር የያዘ ሲሆን የተሠራው በፓሪስ ነው። ግማሹ አላድ፣ አራተኛው ሩብ ይባላል። አንበሳው በአንዳንዱ ግራ፣ በአንዳንዱ ቀኝ እግሩን አንስቷል፤ ሰብሳቢዎች ይህን እያዩ ይለያሉ።

12. በ1889 ዓ.ም. የተመታው የምኒልክ የወርቅ ሳንቲም መጠሪያው ራሱ «ወርቅ» ነበር፤ 7 ግራም ይመዝናል።

13. ቤንሻንጉል በ1890 ዓ.ም. ራስ መኮንን በመሩት ዘመቻ ወደ ማዕከላዊው መንግሥት ተጠቃለለ። የአሶሳው ገዢ ሼህ ሆጀሌ አል ሐሰን ግብራቸውን በወርቅ ይከፍሉ ነበር። አዲስ አበባ ያለው ሸጎሌ ሰፈር ስሙን ያገኘው ከእሳቸው ነው።

14. ዛሬም በመንጌ፣ በሸርቆሌና በኩርሙክ ወረዳዎች ባህላዊ አምራቾች ወርቅ ከአሸዋ ያጥባሉ። ሕጋዊው ገዢ ብሔራዊ ባንክ ነው። ሳንቲም የሚያወጣውም እሱ ሲሆን፣ በዕለታዊ ሳንቲሙ ውስጥ ግን ወርቅ የለም።

15. በ1937 ዓ.ም. አዲሱ ገንዘብ ሲወጣ ሃምሳ ሳንቲሙ ከብር ተሠራ፤ ጠገራ የለመደ ሕዝብ ወረቀትን በቀላሉ አያምንም ነበርና። በሳንቲሞቹ ላይ ያለው ፲፱፻፴፮ ደግሞ ለአሥርት ዓመታት ሳይለወጥ ተመትቷል፤ ስለዚህ በቁጥሩ ብቻ ዕድሜ አይቆጠርም።

16. የዚያ ዘመን ስሙኒ መጀመሪያ ክብ ነበር። ከሃምሳ ሳንቲሙ ጋር በመጠን ስለሚቀራረብ ብር የመሰለ ቀለም እየቀቡ የሚያጭበረብሩ በዙ። መፍትሔው ጠርዙን ማበጣጠስ ሆነ፤ ሞገድ ጠርዝ ያለው ስሙኒ የመጣው እንዲህ ነው። ክቡ ስሙኒ እጅዎ ከገባ በቀላሉ አይስጡት።

17. የ1969 ዓ.ም. ሳንቲሞችን የአንበሳ ራስ የሣለው አውስትራሊያዊው ስቱዋርት ዴቭሊን ነው። ከጀርባቸው አንድ ሳንቲሙ በበሬ የሚያርስ ገበሬ፣ አሥሩ የደጋ አጋዘን ይዟል።

18. ዓለም የሚሠራበት ከ1 እስከ 70 የሚደርስ የደረጃ መለኪያ የአሜሪካዊው ዊልያም ሼልደን ሥራ ነው፤ በ1949 እ.ኤ.አ. ወጣ። ሲጀመር ዋጋ ለመተመን ነበር፤ 70 ያገኘ ሳንቲም 1 ካገኘው ሰባ እጥፍ ያወጣል ተብሎ። በገበያ ያልተዘዋወረ ሳንቲም ደረጃው ከ60 ይጀምራል።

19. የብር ሳንቲም ሲጠቁር በሎሚና በአመድ ማሸት ዋጋውን ይገድላል። ጥቁረቱ የዕድሜ ልብስ ነው፤ የተፈገፈገ ወለል ግን በአጉሊ መነጽር ሲታይ በጭረት ተሞልቶ ይገኛል፤ አይድንም። ለአንገት ሐብል የተበሳ ጠገራም እንዲሁ ደረጃው ይወርዳል። ሳንቲም የሚያዘው በጠርዙ ነው፤ ከለስላሳ ፕላስቲክ ይልቅ ደረቅ ወረቀት ይሻለዋል።

20. ከአያት የወረሱትን ጠገራ መያዝና ከመሬት ያወጡትን መያዝ አንድ አይደለም። በ1992 ዓ.ም. በወጣው የቅርስ ጥናትና አጠባበቅ አዋጅ ቁጥር 209 መሠረት በቁፋሮም ሆነ በድንገት ቅርስ ያገኘ ሰው ማሳወቅ አለበት። ወርቅ ፍለጋ የሚቆፍር ሰው አካፋው አሮጌ ሳንቲም ቢያወጣለት፣ ሳያጥብና ሳይሸጥ የተገኘበትን ጥልቀትና አብረውት የነበሩትን ነገሮች ይመዝግብ፤ ለታሪክ አጥኚ ከሳንቲሙ ይልቅ የተገኘበት ቦታ ይበልጣል።