ሞተር በጋለ ጊዜ

መኪናዎ በአውራ ጎዳና ሲሮጥ ደኅና ሆኖ፥ ሲቆምና ሲያዘግም ብቻ ሞተሩ የሚግል ከሆነ፥ አስቀድመው ቬንትሌተሩን ይጠርጥሩ። በሩጫ ጊዜ ራዲያተሩን ነፋሱ ያበርደዋል፤ በቆመ ጊዜ ግን ይህ ሥራ የቬንትሌተሩ ነው። በኤሌክትሪክ የሚዞር እንደ ሆነ ፊውዙንና ሽቦውን፥ በቺንጋ የሚዞር እንደ ሆነ የቺንጋውን መላላት ያስመርምሩ። በሩጫም የሚግል ከሆነ፥ የውሃው መጉደል ወይም የራዲያተሩ መደፈን ይመርመር።

ከሁሉ በላይ ግን፥ ሞተሩ እንደ ጋለ የራዲያተሩን ክዳን ከቶ አይክፈቱ። በአዲስ አበባ ከፍታ ውሃ በ92 ዲግሪ ገደማ ይፈላል፤ በክዳኑ የታመቀው ውሃ ግን ከዚህ በላይ ግሎም ሳይፈላ ይቆያል። ክዳኑ ሲከፈት ወዲያው ፈልቶ እየተፈናጠረ ፊትንና እጅን ይለበልባል። እንግዲህ ሞተሩን አጥፍተው እስኪበርድ ይታገሡ፤ ከመንገድ መዘግየት ዐይንን ከማጣት ይሻላልና።