ከኋላችሁ ያለው ሾፌር ያያችኋል? ስለ ሳይክል የኋላ መብራት አመራረጥ

ዛሬ ስለ ደም ግፊትም ስለ ጨጓራም አይደለም የምናወራው፤ ስለ አንዲት ትንሽ ቀይ መብራት ነው። «ዶክተር፣ ይሄ ደግሞ ከጤና ጋር ምን አገናኘው?» የምትሉ ትንሽ ታገሡኝ።

ድሬ የሳይክል ከተማ ናት። መንገዱ ሜዳ ስለሆነ ተማሪውም፣ ሠራተኛውም፣ አዛውንቱም ይነዳል። ሙቀቱ ደግሞ ቀን ቤት ያስቀምጠንና ጉዳያችንን ወደ ማታ ይገፋዋል። ከከዚራ ሳቢያን፣ ከመጋላ ገንደ ቆሬ የምንመላለሰው ብዙዎቻችን ከምሽቱ 12 ሰዓት በኋላ ነው። ድንገተኛ ክፍል ተረኛ በሆንኩባቸው ሌሊቶች ሳይክል ላይ እያሉ ከኋላ ተገጭተው የሚመጡ ሰዎች ያጋጥሙኛል። የገጫቸው ሰው ይዟቸው ከመጣ የሚለው ብዙ ጊዜ አንድ ነው፦ «ወላሂ ዶክተር፣ አላየሁትም!»

አብዛኛውን ጊዜ እውነቱን ነው።

የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2023 ባወጣው ሪፖርት በመንገድ አደጋ በዓመት ወደ 1.19 ሚሊዮን ሰው ይሞታል። ከግማሽ በላዩ እግረኛ፣ ባለሳይክልና ባለሞተር ነው። ስለዚህ ጉዳዩ የጤና ጉዳይ ነው።

ሾፌሩ ለምን አያይም?

ዓይናችን ጨለማን በደንብ ለመልመድ ከ20 እስከ 30 ደቂቃ ይፈልጋል። ከፊት የሚመጣ መኪና ረጅም መብራቱን ሲለቅበት ደግሞ ሾፌሩ ለጥቂት ሰከንዶች እንደታወረ ነው የሚነዳው። ዕድሜም አለ። የ60 ዓመት ሰው ዓይን ውስጥ ገብቶ ብርሃን ተቀባዩ ክፍል ላይ የሚደርሰው ብርሃን፣ የ20 ዓመት ወጣት ከሚያገኘው አንድ ሦስተኛ ያህል ብቻ ነው።

እስቲ ደግሞ እናስላው። በሰዓት 50 ኪሎ ሜትር የሚሄድ መኪና በአንድ ሰከንድ ወደ 14 ሜትር ይጓዛል። ሾፌሩ አይቶ ፍሬን እስኪረግጥ አንድ ሰከንድ ተኩል ቢፈጅበት 21 ሜትር ሄዷል። ፍሬኑ ይዞ መኪናው እስኪቆም ሌላ 14 ሜትር ገደማ ጨምሩበት፤ በድምሩ 35 ሜትር ሆነ። ጥቁር ልብስ የለበሰ ሰው ግን በአጭር መብራት የሚታየው 30 ሜትር አካባቢ ሲደርሱበት ሊሆን ይችላል። ሒሳቡ አልሞላም ማለት ነው።

ከፊት የሚመጣውን መኪና እናንተም ታዩታላችሁ፣ ዞር ትሉለታላችሁ። ከኋላ ለሚመጣው «እዚህ አለሁ!» የሚልላችሁ የኋላ መብራታችሁ ብቻ ነው። በዴንማርክ ኦደንሴ ከተማ ወደ 4 ሺህ በሚጠጉ ባለሳይክሎች ላይ በተደረገ ጥናት፣ ቀንም ማታም የሚበራ መብራት የተገጠመላቸው ሰዎች ጉዳት ያደረሰ አደጋ የገጠማቸው ከሌሎቹ በ19 በመቶ ባነሰ መጠን ነው።

ታዲያ የቱን እንግዛ?

1. ቀይ ይሁን። ነጭ መብራት ከኋላ ካሰራችሁ ሾፌሩ ወደ እሱ የምትመጡ ይመስለዋል። ቀለም የሚቀያይረው ለልደት ይሁን እንጂ ለመንገድ አይሆንም።

2. የብርሃኑ መጠን። ካርቶኑ ላይ «ሉመን» የሚል ቁጥር ፈልጉ። ለከተማ የማታ መንገድ ከ20 እስከ 50 ሉመን ይበቃል፤ በቀን ብርሃንም እንዲታይ ከፈለጋችሁ 100 እና ከዚያ በላይ። ማታ በጣም ሲበዛ የሾፌሩን ዓይን ያጥበረብራል፤ ያ ደግሞ ሌላ አደጋ ነው። ከጎን በኩልም የሚታይ ቢሆን ይመረጣል፤ መስቀለኛ መንገድ ላይ ይጠቅማችኋል።

3. ብልጭ ድርግም የሚለው ወይስ ቋሚው? ብልጭ ድርግም የሚለው ቶሎ ዓይን ይስባል። ግን ርቀታችሁንና ፍጥነታችሁን ለመገመት ቋሚው ይሻላል። ጀርመን ውስጥ እንዲያውም ብልጭ ድርግም የሚል የሳይክል የኋላ መብራት ክልክል ነው። የኔ ምክር፦ ማታ ቋሚውን አብሩ፤ ሁለት መብራት ካላችሁ አንዱን ቋሚ፣ ሌላውን ብልጭታ አድርጉት።

4. ባትሪው። በስልክ ቻርጀር የሚሞላ ቢሆን ጥሩ ነው። መብራቱ ከጀርባችሁ ስለሆነ ሲደክም አታዩትም፤ ስለዚህ የምትሞሉበት ቀን ይኑራችሁ፣ ለምሳሌ ዘወትር እሑድ። የድሬ ፀሐይ ባትሪ ይገድላል! ሳይክሉ ቀኑን ሙሉ ፀሐይ ላይ የሚቆም ከሆነ መብራቱን ነቅላችሁ ያዙት። ውኃና አቧራ የማያስገባ መሆኑንም ጠይቁ።

5. ወላጆች ይህንን አደራ! ርካሾቹ መብራቶች ብዙ ጊዜ የሚሠሩት እንደ ሳንቲም ክብ በሆነች የሰዓት ባትሪ ነው። ሕፃን ከዋጣትና ጉሮሮው ውስጥ ከተቀረቀረች በ2 ሰዓት ውስጥ የምግብ ቧንቧውን ልታቃጥል ትችላለች። የባትሪው ክዳን በብሎን የሚታሰር ይሁን። ልጅ ዋጠ ብላችሁ ከጠረጠራችሁ ለማስመለስ አትሞክሩ፤ «ደህና ነው» ብላችሁም አትጠብቁ። ወዲያው ራጅ ወዳለበት ሆስፒታል!

6. የሚታሰርበት ቦታ። ከኮርቻው ሥር ባለው ዘንግ ላይ፣ ቀጥ ብሎ ወደ ኋላ ይመልከት። ወደ መሬት ወይም ወደ ሰማይ የሚያይ መብራት ለማንም አይጠቅምም። ጃኬት፣ ሽርጥ ወይም ከኋላ የጫናችሁት ጆንያ እንዳይሸፍነው።

አንጸባራቂስ? ፔዳሉ ላይና ቁርጭምጭሚታችሁ ላይ አድርጉት። ከፍ ዝቅ ሲል ሾፌሩ «ሰው ነው» ብሎ ቶሎ ይለያል። ነገር ግን አንጸባራቂ የሚሠራው የመኪና መብራት ሲያርፍበት ብቻ ነው። የመኪናው መብራት የተበላሸ ከሆነ ከንቱ ነው። ስለዚህ ረዳት እንጂ ምትክ አይደለም።

በመጨረሻም ትልቁ ምክሬ

ታይዋን ገበያ ሱቅ ውስጥ ሲያበሩላችሁ ሁሉም መብራት ያምራል። በዚያ አትሸወዱ፤ ሻጩን የመመለሻ ቀን ጠይቁት። ከዚያ ማታ ወንድማችሁን ወይም ጓደኛችሁን ሳይክሉ ላይ ቁጭ አድርጋችሁ፣ ከመኪና መንገድ ወጣ ባለ ቦታ 100 እርምጃ ወደ ኋላ ሂዱና ዙሩ። ቀዩ ብርሃን ሳትፈልጉት ዓይናችሁ ውስጥ ከገባ ጥሩ ገዝታችኋል። ዓይናችሁን አጥብባችሁ የምትፈልጉት ከሆነ ግን በሰዓት 50 የሚነዳ ሰውም አያገኘውም፤ መልሱትና ሌላ ቀይሩ።

ይህን ሙከራ የልጆቻችሁ ሳይክል ላይም አድርጉ። መብራት የሌለው ዘመድ፣ ጎረቤት ወይም የሥራ ባልደረባ ካላችሁ ሼር አድርጉለት። ጥያቄ ካላችሁ ጻፉልኝ፣ እመልሳለሁ።

ጤና ይብዛላችሁ!