ከመስታወቱ ወዲያ ያለችው መኪና

ከመሥሪያ ቤት ወደ ቤቴ የሚወስደው አጭሩ መንገድ በቦሌ አያልፍም። እኔ ግን ሰሞኑን በቦሌ ዞሬ ነው የምገባው። ጉዳይ ኖሮኝ አይደለም። አንድ የመኪና መሸጫ አለ፤ ከመስታወቱ ወዲያ ነጭ የኤሌክትሪክ መኪና ቆማለች። የወንበሯ ላስቲክ እንኳ ገና አልተነሳም። በዚያ ሳልፍ ፍጥነቴን እቀንሳለሁ፤ ከኋላዬ ያለው ታክሲ ክላክሱን ያንባርቅብኛል።

የእኔዋ ኮሮላ ዲኤክስ ናት። ዕድሜዋ ከ30 ዓመት አልፏል። የኋላ በሯ የሚከፈተው ከውጭ ብቻ ነው። ክረምት ሲመጣ ከወለሏ ውኃ ስለምታስገባ ልጆቹ እግራቸውን ወንበር ላይ ሰቅለው ነው የሚሄዱት። ቦሎ በደረሰ ቁጥር ሶማሌ ተራ ዕቃ ፍለጋ መንከራተት አይቀርልኝም። እንዲያም ሆኖ አፍሬባት አላውቅም ነበር፤ የሰፈሬ ሰው የሚነዳውም ያንኑ የመሰለ ነበራ!

በ2016 ዓ.ም. መንግሥት በነዳጅ የሚሠሩ አውቶሞቢሎች ወደ አገር እንዳይገቡ ሲከለክል ነገሩ ተለወጠ። መብራት ላይ ስቆም በግራ ቢዋይዲ፣ በቀኝ የቮልስዋገን አይዲ ፎር፤ ድምፅ እንኳ የላቸውም። የምታጓራው የእኔዋ ብቻ ናት። ለኤሌክትሪክ መኪና ቀደም ሲል ከቫትና ከኤክሳይዝ ታክስ ነፃ መሆን ተፈቅዶ ስለነበር «በዚህ በኩል እንኳ ይቀናን ይሆናል» ብዬ ነበር። በዚያው ዓመት ሐምሌ ላይ ግን የብር ምንዛሪ በገበያ ይወሰን ተባለ። በዶላር የሚመጣ ዕቃ ከዚያ በኋላ ምን እንደሆነ ለእናንተ መንገር አያሻም። ደላሎች «ያንተዋም ዋጋዋ ጨምሯል» ይሉኛል። እውነት ነው፤ እሷ አንድ እርምጃ ስትሄድ ያችኛዋ አሥር ትርቃለች እንጂ።

አንድ ቅዳሜ ደፈርኩና ገባሁ። አሻሻጯ «ጋሼ፣ ግቡና ይቀመጡባት» አለችኝ። ተቀመጥኩ። የአዲስ መኪና ሽታ ታውቃላችሁ? እኔ እስከዚያ ቀን አላውቅም ነበር። ዋጋዋን ስትነግረኝ በሆዴ አሰላሁት፤ ሳልበላ ሳልጠጣ፣ የቤት ኪራይ ሳልከፍል፣ የ12 ዓመት ደመወዜ ነው። «ከባለቤቴ ጋር ልማከርና እመለሳለሁ» ብዬ ወጣሁ። ልጅቷ ይህን ቃል በቀን ስንቴ እንደምትሰማው ከፈገግታዋ ያስታውቃል።

በዚያው ሳምንት ዕቁብ ደረሰን። ገንዘቡ ለኮንዶሚኒየሙ ውዝፍ ዕዳ የታሰበ ነው፤ ባንኩ ማስጠንቀቂያ ልኮብናል። እኔ ግን ሦስት ሌሊት እንቅልፍ አጣሁ። ለቀብድ ባደርገውስ? ዲኤክሷን ብሸጥስ? የቀረውንስ ከወንድሜ ብበደርስ? ሌባ እንዲህ ነው የሚያስብ።

እሑድ ቡና ላይ ለባለቤቴ ተናዘዝኩ። ትቆጣለች ብዬ አንገቴን ደፍቼ ስጠብቅ፣ ጀበናውን አስቀመጠችና «ነጯን ነው?» አለችኝ። «እኔ ከጀርባዋ ያለችውን ሰማያዊዋን ነው የምወዳት።»

ለካስ እሷም ከታክሲ አንድ ፌርማታ ቀድማ እየወረደች ታያት ኖሯል። ከእኔ በፊት ጀምራ። ልጅ ታቅፋ በዝናብ ሰልፍ የምትቆመው እሷ ናት፤ እኔ እኮ አሮጌም ቢሆን ነጂ ነኝ። «ለምን አልነገርሽኝም?» ስላት፣ «ብነግርህ ከየት ታመጣዋለህ?» አለችኝ። መልስ አልነበረኝም።

ሰኞ ጠዋት የዕቁቡን ገንዘብ አብረን ባንክ ወሰድን። ስንመለስ፣ እሷው ናት «በቦሌ ዙር» ያለችው። መሸጫው ጋ ስንደርስ ጥጌን ይዤ አቆምኩ። ነጯ አልነበረችም፤ ተሽጣለች። ሰማያዊዋ ግን አለች። ባለቤቴ መስኮቱን ዝቅ አድርጋ ትንሽ አየቻትና «በል ንዳ፣ ልጆቹ ከትምህርት ቤት ይወጣሉ» አለችኝ።

ዲኤክሷ በሦስተኛው ሙከራ ተነሳች።