የቤት ኮምፒውተር ሲበላሽ፦ ከማሽኑ በፊት መዝገቡን ማዳን

አዲስ አበባ፦ የቤት ኮምፒውተር አልነሣ ሲል ብዙዎቻችን የምንጨነቀው ስለ ማሽኑ ዋጋ ነው። ይሁን እንጂ ማሽን በገንዘብ ይተካል፤ በውስጡ ያለው የሒሳብ መዝገብ፣ የቤተሰብ ፎቶግራፍ ወይም የማኅበር ሰነድ ግን አንዴ ከጠፋ የሚገዛበት ገበያ የለም። ይህ ጽሑፍ የቆመ ኮምፒውተር በምን ቅደም ተከተል ሊመረመር እንደሚገባና መዝገብ ሳይጠፋ ወደ ሥራ የሚመለስበትን መንገድ ያስረዳል።

ጉዳዩን በቅርበት ያየሁት ከፒያሳ ብዙም በማይርቀው በሃብተ ጊዮርጊስ ድልድይ አካባቢ ነው። ድልድዩ የሚጠራው በ1900 ዓ.ም ዳግማዊ ምኒልክ ሚኒስትሮችን ሲሾሙ የጦር ሚኒስትር በኾኑት በፊታውራሪ ሃብተ ጊዮርጊስ ዲነግዴ ስም ነው፤ ቅጽል ስማቸውም "አባ መላ" ነበር። መላ የሚሻ ችግር የገጠመን እዚያው ሰፈር፣ ለሥራ ሄጄ ባረፍሁበት በአጎቴ ቤት ነው።

አጎቴ የሰፈሩ እድር ጸሐፊ ናቸው። የአባላቱ ስም፣ ስልክ ቁጥርና ወርኃዊ መዋጮ የሚመዘገበው በቤታቸው ባለ አንድ አሮጌ ኮምፒውተር ነው። በ2016 ዓ.ም በፒያሳና በአካባቢው የኮሪደር ልማት ሲካሄድ በርካታ ነዋሪዎች ወደ ሌሎች የከተማዋ ክፍሎች ተዛውረዋል፤ ከእድሩ አባላትም ገሚሶቹ ርቀዋል። ሐዘን ሲደርስ እንደ ቀድሞው ደጅ አንኳኩቶ መጥራት አይቻልም፤ አባላቱን የሚያገናኛቸው ያ ዝርዝር ነው። አንድ ምሽት መብራት ጠፍቶ ከተመለሰ በኋላ ኮምፒውተሩ አልሠራ አለ። አጎቴም "ልጄ፣ ዕቃው ይቅር፤ መዝገቡ ግን የእኔ አይደለም፤ የሰው አደራ ነው" አሉኝ።

ምርመራው ከግድግዳው ይጀምራል

በግብርና ኮሌጅ ሳለን የታመመ ከብት ሲቀርብልን መድኃኒት ከማሰባችን በፊት መብላቱን፣ መጠጣቱንና ማመስኳቱን እንድንጠይቅ ተምረናል። ለኮምፒውተርም ቀላሉ ጥያቄ ይቀድማል።

ማብሪያው ሲጫን ምንም መብራት የማይታይና የማራገቢያ ድምፅ የማይሰማ ከኾነ ችግሩ ብዙውን ጊዜ የኃይል ነው። በዚያው ሶኬት የስልክ ቻርጀር ሰክቶ መሞከር፣ ማከፋፈያውን ትቶ በቀጥታ ከግድግዳው መሰካት፣ ገመዱንም በሌላ መቀየር ይገባል። የብዙ ጠረጴዛ ኮምፒውተሮችና የስክሪኖቻቸው የኃይል ገመድ አንድ ዓይነት በመኾኑ የአንዱን ለሌላው መሞከር ይቻላል። በሳጥኑ ጀርባ ያለችው ትንሽ ማብሪያ ሳይታወቅ ተዘግታም ልትገኝ ትችላለች። አንዳንድ አሮጌ የኃይል ክፍሎች 115 እና 230 ቮልት የሚል መምረጫ አላቸው፤ የሀገራችን የቤት መስመር 220 ቮልት ስለኾነ መምረጫው 230 ላይ መኾን አለበት።

ይህ ሁሉ ካልሠራ ገመዱን ነቅሎ ማብሪያውን ለ30 ሰከንድ ያህል ተጭኖ መያዝና እንደገና ሰክቶ መሞከር ነው። በውስጡ የቀረው ኤሌክትሪክ ሲፈስስ የሚነሣ ኮምፒውተር ጥቂት አይደለም። ፓወር ሰፕላይ የሚባለውን የኃይል ክፍል ግን ፈትቶ መክፈት አይገባም፤ ከተነቀለ በኋላም ለአደጋ የሚያበቃ ኤሌክትሪክ ሊይዝ ይችላል።

ማራገቢያው እየዞረ ስክሪኑ ሲጨልም

የአጎቴ ኮምፒውተር ማራገቢያው ይዞራል፤ ስክሪኑ ግን ጨለማ ነው። እንዲህ ሲኾን መጀመሪያ የስክሪኑን ገመድ በሁለቱም ጫፍ አጥብቆ መሰካት ይገባል። ቀጥሎ የሚጠረጠረው ራም የሚባለው ጊዜያዊ ማስታወሻ ነው። ተደጋጋሚ የ"ጢጥ" ድምፅ ከተሰማም ብዙ ጊዜ ወደዚሁ ያመለክታል።

ኃይሉን ሙሉ በሙሉ ነቅለን፣ በሰውነታችን ያለው የኤሌክትሪክ ሙል ክፍሉን እንዳይጎዳው የሳጥኑን ብረት በእጃችን ነክተን ከፈትነው። የውስጡን አቧራ በደረቅና ለስላሳ ብሩሽ አነሣን። ራሙን አውጥተን የወርቅማ ጥርሶቹን በላጲስ በቀስታ ጠርገን፣ ፍርፋሪውን አራግፈን፣ ግራና ቀኙ ቀጭ እስኪል ድረስ መለስነው። ስክሪኑ በራ፤ ደስታችን ግን አልቆየም። ኮምፒውተሩ ሥራ የሚያስጀምረውን ፕሮግራም ማግኘት አልቻልሁም የሚል ጽሑፍ አሳየ።

"ፎርማት ይደረግ" ከመባሉ በፊት

አንድ የጎረቤት ወጣት "ፎርማት ይደረግና ያልቃል" አለ። አባባሉ ስሕተት አልነበረም፤ ፎርማት ማድረግ ዲስኩን ጠርጎ እንደ አዲስ ማዘጋጀት ስለኾነ ማሽኑ በርግጥ ይነሣ ይኾናል። መዝገቡ ግን አብሮ ይጠረጋል። ብዙ ሰው ሰነዱን የሚያጣው በብልሽቱ ሳይኾን በጥገናው ጊዜ ነው።

ስለዚህ ኮምፒውተሩን በድልድዩ አካባቢ ወዳለ አንድ ጥገና ቤት ወሰድነው። ባለሙያው አስቀድሞ "ጋሼ፣ ውስጡ የሚፈልጉት ነገር አለ?" ብሎ ጠየቀ። ማንኛውም ሰው ኮምፒውተሩን ለጥገና ሲሰጥ ይህን ጥያቄ ካልተጠየቀ ራሱ ሊያነሣው ይገባል። ባለሙያው ሃርድ ዲስኩን አውጥቶ ከሌላ ኮምፒውተር ጋር አገናኘው፤ የእድሩንም ሰነድ ወደ ፍላሽ ገለበጠ።

በዚህ ደረጃ ልብ ሊባሉ የሚገቡ ነገሮች አሉ። ሃርድ ዲስኩ "ቀጭ ቀጭ" የሚል ድምፅ ካሰማ ወዲያው ማጥፋት ይገባል፤ ደጋግሞ መሞከር ሊተርፍ የሚችለውን ያበላሻል። በስሕተት ፎርማት ከተደረገም አዲስ ነገር ሳይጭኑበት ቶሎ ለባለሙያ ማሳየት ጥቂት ተስፋ ይሰጣል። ከፍላሽ በገባ ቫይረስ ሰነዶች ጠፍተው አቋራጭ ምልክት ብቻ ሲታይ ደግሞ ሰነዶቹ ብዙ ጊዜ ተደብቀው እንጂ ተሰርዘው አይደለም።

ሰነዱ ተገኝቶ ፊደሉ ሲጠፋ

የእድሩ ሰነድ ሲከፈት በአማርኛ ስም ፋንታ ትርጉም የሌለው የላቲን ፊደልና ምልክት ወጣ። አጎቴ መዝገቡ የጠፋ መስሏቸው ደነገጡ። የጠፋው ግን መዝገቡ ሳይኾን የፊደሉ ቅርጽ ነበር። ዝርዝሩ የተጻፈው ቀድሞ በብዙ መሥሪያ ቤቶች ይሠራበት በነበረው የፓወር ግዕዝ ፊደል ነው። እንዲህ ያሉ አሮጌ ፊደሎች የግዕዝን ቅርጽ የሚያስቀምጡት ለላቲን ፊደላት በተመደበ ቦታ ላይ ስለኾነ፣ ፊደሉ ባልተጫነበት ኮምፒውተር ጽሑፉ አይነበብም። ባለሙያው ፊደሉን ሲጭነው የአባላቱ ስም እንደነበረ ተመለሰ።

የግዕዝ ፊደል በዓለም አቀፉ የዩኒኮድ ሥርዓት የተካተተው እ.ኤ.አ በ1999 ነው። በዩኒኮድ የተጻፈ ሰነድ በአዲስ ኮምፒውተርም ኾነ በእጅ ስልክ ይነበባል። አሮጌ ሰነድ ያለው ሰው ኮምፒውተሩ ጤነኛ ሳለ ወደ ዩኒኮድ ቢያስቀይረው ከሌላ ድንጋጤ ይድናል።

ዲስኩ ራሱ ጤነኛ ስለነበር ዊንዶውሱ እንደገና ተጭኖ ማሽኑ ተነሣ። ሰዓቱና ቀኑ ግን በጠፋ ቁጥር ወደ ኋላ ይመለስ ነበር። የዚህ ምክንያቱ በማዘርቦርዱ ላይ ያለች ሳንቲም የምታክል ባለ 3 ቮልት ባትሪ መድከም ነው። ቀኑ ሲሳሳት ብዙ ድረ ገጾች አስተማማኝ አይደሉም እየተባለ አይከፈቱም፤ ባትሪዋን መቀየር ግን ቀላል ነው።

ለገጠሩም ለከተማውም

ይህ የአንድ እድር ጉዳይ ብቻ አይደለም። የማዳበሪያ ዕዳ፣ የእህል ርክክብ ወይም የቁጠባ ሒሳብ በአንድ ኮምፒውተር የሚይዝ የገበሬዎች ማኅበርም በተመሳሳይ ስጋት ውስጥ ነው። ጥንቃቄው ከባድ ወጪ አይጠይቅም። መብራት ሲጠፋ ገመዱን መንቀል፣ ሲመለስም ኃይሉ እስኪረጋ ጥቂት ደቂቃ መጠበቅ ይገባል። ስታቢላይዘር የኃይሉን ከፍና ዝቅ ማለት ያስተካክላል እንጂ መብራት ሲጠፋ አያቆይም፤ ሰነድ አስቀምጦ በሥርዓት ለማጥፋት የሚያስችል ጊዜ የሚሰጠው ዩፒኤስ ነው። በክረምት መብረቅ ሲበዛ ኮምፒውተሩን ከሶኬት ነቅሎ ማቆየት ይበጃል። በአውድማ ሰሞን አቧራ ስለሚበዛ ኮምፒውተሩ በማይሠራበት ጊዜ በጨርቅ ይሸፈን፤ ሲሠራ ግን እንዳይግል ይገለጥ።

ከሁሉም በላይ አስፈላጊ መዝገብ በአንድ ቦታ ብቻ አይቀመጥ። አንዱ በኮምፒውተሩ፣ አንዱ በፍላሽ፣ አንዱ ደግሞ በሌላ ቤት ይኑር። ፍላሽም ስለሚበላሽ በየጊዜው ተከፍቶ ሊታይ ይገባል። ገበሬ ዘሩን ሁሉ በአንድ ጎተራ አያኖርም።

አጎቴ አሁን በየወሩ መዋጮ ከተሰበሰበ በኋላ ዝርዝሩን በወረቀት አሳትመው ለእድሩ ሰብሳቢ ይሰጣሉ፤ ፍላሹ ደግሞ በገንዘብ ያዡ ቤት ተቀምጧል። ኮምፒውተሩ ያው አሮጌው ነው፤ ነገ እንደገና ሊቆም ይችላል። የአባላቱ ስልክ ቁጥር ግን አብሮት አይቆምም።