ቅጽበታዊ የምስል ስሌትና የግራፊክስ ቺፕ ወሰን

በኮምፒውተር የተሠራ ምስል ከፎቶግራፍ የማይለይ እንዲሆን፣ ብርሃን ከምንጩ ወጥቶ ከአካል ወደ አካል እየነጠረ ዓይን ዘንድ እስኪደርስ የሚያደርገውን ጉዞ ማስላት ያስፈልጋል። ጄምስ ካጂያ ይህን ጉዞ በአንድ እኩልታ ያጠቃለለው በ1986 እ.ኤ.አ. ነው። እኩልታው ለዘመናት ቢታወቅም በቅጽበት ሙሉ በሙሉ መፍታት ግን እስካሁን አልተቻለም።

ምክንያቱ በቁጥር ሲታይ ግልጽ ይሆናል። 3,840 በ2,160 የሆነ ማሳያ 8.3 ሚሊዮን ያህል ፒክስሎች አሉት። በሰከንድ 60 ምስል ለማሳየት ለእያንዳንዱ ምስል የሚደርሰው ጊዜ 16.7 ሚሊሰከንድ ብቻ ነው። ለአንድ ፒክስል አንድ የብርሃን መንገድ ብቻ ቢሰላ እንኳ በሰከንድ ወደ 500 ሚሊዮን መንገዶች ይደርሳል። መንገዶቹ በዘፈቀደ ስለሚመረጡ፣ ቁጥራቸው ሲያንስ ምስሉ በነጠብጣብ ይሸፈናል። ይህን ጉድፍ በግማሽ ለመቀነስ የመንገዶቹን ቁጥር በ4 ማባዛት ግድ ይላል፤ ወደ አንድ አሥረኛ ለማውረድ ደግሞ በ100። ፊልም ሠሪ ለአንድ ምስል ሰዓታት ሊጠብቅ ይችላል፤ የጨዋታ ተጠቃሚ ግን አይጠብቅም።

ቀድሞ ይህን ክፍተት ያጠብብ የነበረው የትራንዚስተር መጠን መቀነስ ነው። ሮበርት ዴናርድና ባልደረቦቹ በ1974 እ.ኤ.አ. እንዳመለከቱት፣ ትራንዚስተር ባነሰ መጠን የሚወስደው ኃይልም አብሮ ይቀንሳል። ይህ ተዛምዶ በ2000ዎቹ አጋማሽ ላይ አከተመ። ውጤቱ በኤሌክትሪክ ፍጆታ ይታያል፦ በ2020 የወጣው የኤንቪዲያ አርቲኤክስ 3090 እስከ 350 ዋት ሲጠቀም፣ በ2025 የወጣው አርቲኤክስ 5090 እስከ 575 ዋት ይጠቀማል። ቺፑንም እንደ ልብ ማስፋት አይቻልም፤ የሊቶግራፊ መሣሪያ በአንድ ጊዜ የሚያትመው ስፋት ከ858 ካሬ ሚሊሜትር አያልፍም።

በዚህም የተነሣ አምራቾች ፊታቸውን ወደ ግምት አዙረዋል። ጥቂት መንገዶች ብቻ ይሰላሉ፤ ጉድለቱን በብዙ ምስሎች የሠለጠነ የነርቭ መረብ ይሞላዋል፤ በሁለት ምስሎች መካከል የሚገባውንም ምስል ራሱ ይፈጥራል። ዘዴው ለጨዋታ በቂ ሊሆን ይችላል። ይሁን እንጂ ብርሃን በአንድ ክፍል ውስጥ እንዴት እንደሚሰራጭ ከምስሉ ለማወቅ ለሚሻ አርክቴክት፣ በግምት የተሞላ ፒክስል ማስረጃ ሊሆነው አይችልም። እውነት መምሰልና እውነት መሆን የሚለያዩት እዚህ ላይ ነው። እንግዲህ ከፊት ያለው ጥያቄ ምስሉ ምን ያህል ያምራል የሚለው ሳይሆን፣ ምን ያህሉ ተሰልቶ ምን ያህሉ ተገምቷል የሚለው ነው።