የቼሪ አበባ ዛፍን ዕድሜ ያረዘመው የአፕል ገበሬዎች ጥበብ

ጃፓናውያን "ሳኩራ" የሚሉት የቼሪ አበባ ዛፍ የሚተከለው ለፍሬው ሳይኾን ለአበባው ነው። የብርዱ ወራት ሲያበቃ፣ ቅጠል ከማውጣቱ በፊት፣ መላ አካሉ በነጭና በፈዛዛ ሮዝ አበባ ይሸፈናል። አበባው ግን ከዐሥር ቀን በላይ እምብዛም አይቆይም። በስፋት የሚታወቀው ዝርያ ሶሜይ ዮሺኖ ይባላል። ከእናት ዛፉ የተቆረጠ ቀንበጥን በሌላ ችግኝ ላይ በማዳቀል ስለሚባዛ፣ ዛፎቹ ኹሉ በተፈጥሯቸው አንድ ናቸው ማለት ይቻላል። በአንድ አካባቢ ያሉት በአንድ ጊዜ የሚያብቡትም ለዚሁ ነው።

የሶሜይ ዮሺኖ ዕድሜ 60 ዓመት ገደማ ነው ሲባል ኖሯል። በሰሜን ጃፓን፣ በአኦሞሪ ግዛት የምትገኘው የሂሮሳኪ ከተማ ግን ይህን አባባል በተግባር አፍርሳለች። በጥንታዊው ግንብ ቅጥር ውስጥ ካሉት 2 ሺህ 600 ገደማ የቼሪ ዛፎች መካከል ከ300 በላይ የሚኾኑት 100 ዓመት አልፏቸዋል።

ምስጢሩ ያለው በአፕል እርሻ ውስጥ ነው። ከጃፓን የአፕል ምርት ከግማሽ በላይ የሚሰበሰበው ከአኦሞሪ ነው። እ.ኤ.አ. በ1882 በግንቡ ቅጥር 1 ሺህ የቼሪ ችግኞችን የተከለው ኪኩቺ ታቴኤም የአካባቢው የአፕል ልማት ፈር ቀዳጅ ነበር። የቀድሞ የጦር ሹማምንት ግንቡ የመጠጥና የጨዋታ ሜዳ ሊኾን ነው በማለት ተቆጥተው ችግኞችን እስከ መንቀል ደርሰው ነበር። ከዚያ ተከላ የተረፈ አንድ ዛፍ ዛሬም ያብባል።

በጃፓን ቼሪን የሚገርዝም ፕለምን የማይገርዝም ሞኝ ነው የሚል የቆየ ብሂል አለ። ብሂሉ ያለ ምክንያት አልመጣም። የቼሪ ቁስል ቶሎ አይድንም፤ በተቆረጠው በኩል ፈንገስ ገብቶ ግንዱን ያበሰብሰዋል። የሂሮሳኪ ባለሙያዎች ግን ገበሬው ለአፕል የሚያደርገውን ለቼሪም አደረጉ። በረዷማው ወቅት ሊያበቃ ሲል፣ እንቡጡ ሳይነቃ፣ የደከመውን ቅርንጫፍ ቆርጠው ቁስሉን በመከላከያ ቅባት ይሸፍናሉ። በምትኩ ወጣት ቀንበጥ ይወጣል። አበባው ከረገፈ በኋላም ዛፉን በማዳበሪያ ይመግባሉ። በዚህም የተነሣ በሌላ ቦታ ከአንድ እንቡጥ ሦስት ወይም አራት አበባ ሲወጣ፣ በሂሮሳኪ አራት ወይም አምስት፣ አንዳንዴም ከዚያ በላይ ይወጣል። ዛፉን የሚጎዳው መቁረጡ ብቻ ሳይኾን ቆርጦ መተው እንደኾነ ከዚህ መረዳት ይቻላል።

ሌላው ጠላት የሰው እግር ነው። የቼሪ ሥር ወደ ላይ ቀረብ ብሎ የሚሰራጭ በመኾኑ፣ አበባ ሊያይ የመጣ ሕዝብ አፈሩን ሲጠቀጥቀው አየርና ውኃ ይነሳዋል። ውኃ የሚተኛበት መሬትም ሥሩን ያበሰብሰዋል። ከግንዱ ሥር እንጨት የመሰለ ብናኝ ከታየ ግንድ ሰርሳሪ ተባይ መግባቱን ያመለክታል።

ይህን ዛፍ በሀገራችን መትከል ይቻላል ወይ ለሚለው ጥያቄ መልሱ በቅዝቃዜ ላይ የተመሠረተ ነው። ሳኩራ በብርዱ ወራት ቅጠሉን አራግፎ በመቶዎች ለሚቆጠሩ ሰዓታት በቅዝቃዜ ማረፍ አለበት፤ ያለዚያ አበባው ይሳሳል ወይም ይቀራል። በደጋችን ሌሊቱ ውርጭ ቢኾንም ቀኑ ይሞቃል። አፕል አምራቾቻችን አናና ዶርሴት ጎልደን የተባሉትን፣ ጥቂት ቅዝቃዜ የሚበቃቸውን ዝርያዎች የሚመርጡት ለዚሁ ነው። በቆላ ወይም በወይና ደጋ ለሶሜይ ዮሺኖ ችግኝ ገንዘብ ማውጣት አይመከርም። በሂማሊያ ተራሮችና በሰሜን ታይላንድ የሚበቅለው የዱር ቼሪ ግን ለሞቃት ሀገር ደጋ ይቀርባል። በደጋ መሞከር የሚሻ ሰውም በአንድ ወይም በሁለት ችግኝ ቢጀምር ይሻላል። ችግኙ ፀሐይ በሚያገኝና ውኃ በማይተኛበት ቦታ፣ የተዳቀለበት መጋጠሚያ ከአፈር በላይ እንዲኾን ተደርጎ ይተከላል።

ከውጭ ሀገር በዘመድ ሻንጣ ችግኝ ማስመጣት ግን አደጋ አለው። ከቶኪዮ ለዋሽንግተን ከተማ በስጦታ የተላኩ 2 ሺህ የቼሪ ዛፎች ተባይና በሽታ ስለተገኘባቸው እ.ኤ.አ. በ1910 እንዲቃጠሉ ተደርጓል። ዛሬ በዚያች ከተማ የሚኖሩ ወገኖቻችን በየዓመቱ የሚያዩት አበባ መነሻው ከኹለት ዓመት በኋላ በጥንቃቄ ተዘጋጅተው የተላኩት 3 ሺህ 20 ዛፎች ናቸው። በእኛ ጓሮ የሚያብበው ኮክና በደናችን ያለው ጥቁር እንጨት የቼሪ የቅርብ ዘመዶች ስለኾኑ፣ ሳይመረመር የገባ ተባይ ወደ እነርሱም ሊዛመት ይችላል።